እሳተ ገሞራ ያቃጠለውን ምድርና ተመልሶ የሚበቅልበትን ተክል በፎቶግራፍ ስለ መመዝገብ

እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው ድንጋይ የተኛበት ምድር ለዘለዓለም ጠፍ ሆኖ የሚቀር ይመስላል። ነገር ግን ቀስ በቀስ ልምላሜ ይመለስበታል። ይህን ያላስተዋለ ሹም ወይም ባለመሬት «ከንቱ ነው» ብሎ ለከሰል አክሳይ ቢለቀው፤ የሁለት መቶ ዓመት የተፈጥሮ ሥራ በአንድ በጋ ይጠፋል።

ትምህርቱን ለመጀመር ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ራሷ በጥንት እሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ የተቈረቈረች ናት፤ የፍልውሃም ሙቀት ከምድር ውስጥ የሚወጣ ነው። በቂርቆስ በጥቁር ድንጋይ የተካበ አሮጌ አጥር ከክረምት በኋላ ቢመለከቱት፤ አስቀድሞ የድንጋይ ሽበት፤ ቀጥሎም አቧራና እርጥበት በተጠራቀመበት ስንጥቅ ውስጥ ሣር ይታያል።

ይኸው ነገር በታላቁ የሚታየው በመተሐራ አጠገብ በፈንታሌ ተራራ ነው። ከ200 ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰው ጥቁር ድንጋይ ዛሬም በግርጌው ተዘርግቶ አለ። በ2017 ዓ.ም. በዚሁ አካባቢ ምድር ደጋግሞ ስለ ተንቀጠቀጠ ብዙ ሕዝብ ከቀዬው ተነሥቷል፤ ንውጽውጽታውም እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ስለዚህ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ አስቀድሞ የአገሩን ሹማምንትና ሽማግሎች ይጠይቅ።

ፎቶግራፍ ሲነሣ የሚጠበቀው ሥርዐት ይህ ነው።

1ኛ፤ ቦታ። የማይነቀል ምልክት ይተከል፤ በየዓመቱም ከዚያው ላይ በዚያው ከፍታና አቅጣጫ ይነሣ። መጀመሪያ ተራራው በሙሉ፤ ቀጥሎ መስኩ፤ በመጨረሻም አንድ ስንጥቅ በቅርብ ይነሣ።

2ኛ፤ ወር። የነሐሴን ሥዕል ከሚያዝያ ጋር ማስተያየት ሐሰት ነው፤ ክረምት ሁሉን ያለመልማልና። ግራሩ መጨመሩን የሚያስረዳ የበጋ ሥዕል ነው።

3ኛ፤ ብርሃን። ጥቁር ድንጋይ ብርሃንን ስለሚውጥ መሣሪያው በራሱ ሲለካ ሥዕሉን ከሚገባው በላይ ያነጣዋል፤ የድንጋዩም ሽበት ይጠፋል። ስለዚህ ብርሃኑ ጥቂት ይቀነስ። ማለዳ ወይም ወደ ማታ ጥላው ስንጥቁን ያሳያል።

4ኛ፤ መለኪያ። የታወቀ ርዝመት ያለው በትር ከተክሉ አጠገብ ይቁም።

5ኛ፤ መዝገብ። ቀኑ፤ ሰዓቱ፤ ቦታውና አቅጣጫው ይጻፍ፤ አንዱ ቅጂ በወረዳው ይቀመጥ።

የዚህ ሥራ ጥቅም በአገራችን ተፈትኖ ታውቋል። በ1860 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ የመጣው የእንግሊዝ ጦር በትግራይ ያነሣቸውን ፎቶግራፎች፤ ሊቃውንት ከ140 ዓመት በኋላ ከዚያው ቦታ እንደገና አንሥተው ቢያስተያዩ፤ ምድሩ ከቀድሞው ይልቅ ዛፍ በዝቶበት አገኙ። «አገሩ ጥንት ጫካ ነበረ፤ አሁን ተራቈተ» የሚለውን የሰው ወሬ ሥዕሉ አረመው።

እንግዲህ የድንጋዩን ምድር ከማከፋፈልና ከማስቈረጥ በፊት ሥዕሉን ማየት ይገባል። የሰው ትዝታ ይሳሳታል፤ በሥርዐት የተነሣ ፎቶግራፍ ግን ለተተኪው ሹም የታመነ ምስክር ሆኖ ይቈያል።