በሞኔ ግድብ ላይ የተደረገው በረራ በኮምፒዩተር ሲደገም

ግንቦት 8 ቀን 1935 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1943) ማታ፣ ላንካስተር የተባሉ 19 የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች በጋይ ጊብሰን አዛዥነት የጀርመንን ታላላቅ የውኃ ግድቦች ለማፍረስ ተነሡ። ይህን በረራ ዛሬ በኮምፒዩተር የበረራ ማስመሰያ መድገም ይቻላል፤ ነገር ግን ከማብረር ችሎታ ይልቅ ጂኦሜትሪ ይጠይቃል።

መሐንዲሱ ባርነስ ዋሊስ ያሰበው ቦምብ በርሜል የሚመስል፣ ክብደቱም ከ4,000 ኪሎ የሚበልጥ ነበር። በደቂቃ 500 ጊዜ ወደ ኋላ እየተሽከረከረ ሲጣል፣ ልጆች በወንዝ ላይ እንደሚወረውሩት ጠፍጣፋ ድንጋይ እየነጠረ የመከላከያውን መረብ ይዘላል፤ ከግድቡ ግድግዳ ሲደርስም ሰጥሞ ይፈነዳል። ለዚህም አይሮፕላኑ ከውኃው 18 ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ፣ በሰዓት 370 ኪሎ ሜትር ያህል እየበረረ፣ ለግድቡ 400 ሜትር ገደማ ሲቀረው መልቀቅ ነበረበት።

የከፍታ መለኪያው የሚሠራው በአየር ግፊት ስለ ሆነ እንዲህ ዝቅ ብለው ሲበሩ አይታመንም። ስለዚህ ከአይሮፕላኑ ሆድ ሥር ሁለት መብራቶች ዘመም ተደርገው ተተከሉ፤ ብርሃኖቻቸው በውኃው ላይ ሲገናኙ ከፍታው 18 ሜትር ነው ማለት ነው። ርቀቱን የለኩት ደግሞ በእንጨትና በሁለት ምስማር ነበር! በእንጨቱ ቀዳዳ ሲመለከቱ ምስማሮቹ ከግድቡ ሁለት ማማዎች ጋር ከገጠሙ ቦምቡ ይለቀቃል። በክፍል የተማርናቸው ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች እነዚሁ ናቸው።

በኮምፒዩተሩ መስታወት ላይ ከፍታው በቁጥር ስለሚታይ ነገሩ ቀላል ይመስላል። በእውነት ለመድገም የሚሻ ሰው ቁጥሩን በወረቀት ይሸፍነው። ፍጥነቱ በሰከንድ 103 ሜትር ነውና አፍንጫው 3 ዲግሪ ብቻ ቢያዘቀዝቅ አይሮፕላኑ በሰከንድ 5.4 ሜትር ይወርዳል፤ ውኃውን ለመንካት ከ3 ሰከንድ ብዙም አይበልጥበትም። (ከክፍላችን አብራሪዎች አብዛኞቹ ሐይቁ ውስጥ ቀርተዋል።) በዚያች ሌሊት ግን ከ19ኙ አይሮፕላኖች 8ቱ አልተመለሱም፤ ከ133 ሰዎችም 53ቱ ሞቱ።

የሞኔ ግድብ በአምስተኛው ቦምብ ተሰበረ፤ የኤደር ግድብም ፈረሰ። ጎርፉ ከገደላቸው 1,300 ያህል ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ጀርመኖች አልነበሩም፤ ከሶቪየት ኅብረት በግድ ለሥራ ተወስደው በኔሃይም ከተማ አጠገብ በካምፕ የተዘጉ ሴቶች ነበሩ። እኛ በተጠቀምንበት ማስመሰያ ከግድቡ በታች ያለው ሸለቆ ሣርና ዛፍ ብቻ ነው። የካምፑን ስፍራ በወረቀት ካርታችን ላይ በእርሳስ አመለከትነው።