የቋንቋ ትምህርት፦ በስዋሂሊ ማን ማንን?



እ.ኤ.አ. በ2010 የጸደቀው የኬንያ ሕገ መንግሥት ስዋሂሊን የአገሪቱ ብሔራዊ ቋንቋ፣ ከእንግሊዝኛ ጋርም የሥራ ቋንቋ አድርጎ ደንግጓል። በክሊኒክ ወይም በፖሊስ ጣቢያ አስተርጓሚ ሲታጣ ችግራችንን የምናስረዳው በአብዛኛው በዚህ ቋንቋ ነው። ስለዚህ አድራጊውና ተደራጊው እንዴት እንደሚለዩ እንማር።

1. ባለቤት

ተውላጠ ስሞቹ ስድስት ናቸው፦ ሚሚ (እኔ)፣ ዌዌ (አንተ፣ አንቺ)፣ ዬዬ (እሱ፣ እሷ)፣ ሲሲ (እኛ)፣ ኚኚ (እናንተ)፣ ዋኦ (እነሱ)። በአማርኛ «መጣሁ» ካልን «እኔ» ማለት ግድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ በስዋሂሊም እነዚህ ቃላት ብዙ ጊዜ የሚነገሩት ነገሩን ለማጥበቅ ነው። ባለቤቱን የሚያሳየው የግሡ ባዕድ መነሻ ነው፦

ኒ-ናሶማ = አነባለሁ
ኡ-ናሶማ = ታነባለህ፣ ታነቢያለሽ
ኣ-ናሶማ = ያነባል፣ ታነባለች
ቱ-ናሶማ = እናነባለን
ም-ናሶማ = ታነባላችሁ
ዋ-ናሶማ = ያነባሉ

«ና» የአሁን ጊዜ ምልክት ነው። በ«ሊ» ሲተካ ያለፈውን፣ በ«ታ» ሲተካ የሚመጣውን ጊዜ ያሳያል።

2. ተሳቢ

በአማርኛ «መታኝ» ስንል ተሳቢው «ኝ» መጨረሻ ላይ ይገባል። በስዋሂሊ ግን ከጊዜው ምልክት ቀጥሎ፣ ከግሡ ሥር በፊት ይገባል፦ ኒ (እኔን)፣ ኩ (አንተን፣ አንቺን)፣ ም (እሱን፣ እሷን)፣ ቱ (እኛን)፣ ዋ (እነሱን፣ እናንተን)።

ኣ-ሊ-ኒ-ፒጋ = መታኝ
ኒ-ሊ-ም-ፒጋ = መታሁት

እዚህ ላይ ልብ በሉ። «ኒ» መጀመሪያ ላይ ሲሆን መቺው እኔ ነኝ፤ መካከል ሲገባ ተመቺው እኔ ነኝ። ቦታው ከተዛባ በደል የደረሰበት ሰው ራሱን በዳይ አድርጎ ቃሉን ሊሰጥ ይችላል። «ም»ም እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ላይ «እናንተ»፣ መካከል ላይ «እሱን» ወይም «እሷን» ማለት ነው።

3. ጾታና አክብሮት

ስዋሂሊ በተውላጠ ስም ወንድና ሴት አይለይም። «ኣናኡምዋ» ማለት «ታሟል»ም «ታማለች»ም ነው። ስለዚህ በክሊኒክ የታመመው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መናገር ይገባል፦ ሙሜ ዋንጉ (ባለቤቴ፣ ወንዱ)፣ ምኬ ዋንጉ (ባለቤቴ፣ ሴቷ)፣ ቢንቲ ያንጉ (ልጄ፣ ሴቷ)።

እንደ «እርስዎ» ያለ የአንቱታ ተውላጠ ስምም የለም። አንድ ወጣት ሠራተኛ አዛውንትን «ኡናኢትዋ ናኒ?» (ስምዎ ማን ይባላል?) ቢል እንደ ንቀት አይቆጠርም። አክብሮት የሚገለጸው «ምዜ»፣ «ማማ» በሚሉ መጠሪያዎችና በሰላምታ ነው። ታናሽ «ሺካሞ» ሲል ታላቅ «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል።

መልመጃ

ወደ አማርኛ መልሱ፦ (ሀ) ኣሊኒፓ ካዲ፣ (ለ) ኒሊምፓ ካዲ፣ (ሐ) ዋሊቱኦና። «ፓ» መስጠት፣ «ኦና» ማየት ነው።

መልስ፦ (ሀ) ካርድ ሰጠኝ ወይም ሰጠችኝ። (ለ) ካርድ ሰጠሁት ወይም ሰጠኋት። (ሐ) አዩን።

ዓረፍተ ነገሩን ወደ ቢሮ ከመግባታችሁ በፊት እንዲህ እየከፋፈላችሁ ተለማመዱት።