ሥራ መፈለግ ጥፋት አይደለም፤ በቃል መልቀቅ ግን ያስከፍላል

«ሌላ ሥራ እየፈለግሁ መሆኑን አለቃዬ ቢሰማ ሊያሰናብተኝ ይችላል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶችን ሲዘረዝር ሥራ መፈለግን አልጠቀሰም። ሲቪ ማስገባትም ሆነ ለቃለ መጠይቅ መቅረብ በራሱ ሕጋዊ የስንብት ምክንያት አይሆንም። የሥራ መሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ግን በሌላ ሕግ ስለሚተዳደሩ፣ ከዚህ በታች ያሉትን ቀናት እንደ ራሳቸው አይቁጠሩ።

ሰው የሚወድቀው በፍለጋው ሳይሆን ፍለጋውን ለመደበቅ በሚያደርገው ነው። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን ያለ ፈቃድ የቀረ ሠራተኛ ሊሰናበት ይችላል። ለፈተና ለመሄድ ሐሰተኛ የሐኪም ወረቀት ማቅረብማ ከስንብት አልፎ በወንጀል ሊያስጠይቅ ይችላል። «የሠራሁትን ላሳያቸው» ብለው የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ወደ ግል ኢሜይላቸው የሚልኩም አሉ፤ ሰነዱ ግን የእነሱ አይደለም። የዓመት ዕረፍትዎን ይጠቀሙ፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት አለዎት። ፕሮግራሙን የሚያወጣው አሠሪው ስለሆነ በዋዜማው ሳይሆን ቀደም ብለው ይጠይቁ።

የሥራ ልምድ ማስረጃ ለማግኘት መልቀቅ አያስፈልግም። አዋጁ ሠራተኛው በጠየቀ በማንኛውም ጊዜ ያለ ክፍያ ይሰጠው ይላል። በተግባር ግን «መጀመሪያ ክሊራንስ ጨርስ» የሚሉ የሰው ኃይል ክፍሎች ሞልተዋል፤ ጥያቄውን ወዲያው ለአለቃ የሚያደርሱም አሉ። ስለዚህ የቅጥር ማስታወቂያ ካዩ በኋላ ሳይሆን ምንም ነገር ሳይኖር ያውጡት።

ደንበኞቼን ደጋግሞ የጣላቸው ግን ሌላ ነው። አዲሱ ቀጣሪ «ሰኞ ጀምር» ይላል። ሠራተኛው አለቃው ቢሮ ገብቶ ይናገራል፤ አለቃውም «እሺ፣ ይቅናህ» ብሎ ይጨብጠዋል። ከባልደረቦቹ ጋር ተሰነባብቶ ይወጣል። ከሳምንት በኋላ «በሥራ ገበታዎ ላይ ስላልተገኙ» የሚል ጥሪ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። አለቃው ተዛውሮ፣ ወይም ሐሳቡን ቀይሮ ሊሆን ይችላል። ችሎት ፊት የሚቀርበው የጥሪው ወረቀት ነው፤ የእጅ ሰላምታ ከመዝገብ ጋር አይያያዝም።

በሕጉ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መልቀቅ ይችላል። ማስጠንቀቂያው በጽሑፍ ነው፤ የሚቆጠረውም ደብዳቤው ከተሰጠበት ቀጥሎ ካለው የሥራ ቀን ጀምሮ ነው። ሳያስጠነቅቅ የወጣ፣ እስከ 30 ቀን ደመወዙ የሚደርስ ካሳ ከቀሪ ክፍያው ሊቆረጥበት ይችላል። አምስት ዓመት ያገለገለና የሥልጠና ግዴታ የሌለበት ደግሞ በፈቃዱ ሲለቅ የስንብት ክፍያ ሊያገኝ ሲችል፣ «ጠፍቶ ነው» የሚል ክርክር ይገጥመዋል።

አለቃዎ ከ30 ቀኑ በፊት ቢፈቅዱልዎ እሰየው፤ ፈቃዱን ግን በደብዳቤ ይቀበሉ። መልቀቂያዎን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና በአንዱ ላይ ቀን፣ ፊርማና የመዝገብ ቤት ማኅተም ያስደርጉ። አንቀበልም ካሉ በሪኮማንዴ ፖስታ ልከው ደረሰኙን ያስቀምጡ። የቴሌግራም መልእክትን የሚቀበል ችሎት ሊኖር ይችላል፤ እኔ ግን በእሱ ብቻ ተማምኖ የሚመጣ ደንበኛ ያሳስበኛል።

ከወጡ በኋላ ቀሪ ክፍያዎ በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊከፈልዎ ይገባል። ሳይከፈል ሲቀር ሰዉ ሽማግሌ ይልካል። «ከበዓል በኋላ ና» ይባላል፤ ፋሲካ አልፎ እንቁጣጣሽ ይደርሳል። ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ የክፍያ ጥያቄ በስድስት ወር፣ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄ ደግሞ በሦስት ወር በይርጋ ይታገዳል። ሽምግልና ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን ይርጋ አያቆምም። አሠሪው ዕዳውን ካመነ በጽሑፍ ይመን፤ ካላመነ ከሽምግልናው ጎን ለጎን ክስዎን ያስገቡ።

ይሉኝታው አዲሱ ቀጣሪ ዘንድም ይከተላል። «ያገሬ ልጅ ነው፣ ወረቀት ብጠይቀው ቅር ይለዋል» እያሉ ቋሚ ሥራቸውን የሚለቁ ሰዎች አሉ። የሥራ ውል በቃልም ሊመሠረት ይችላል፤ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ፈርሞ መስጠት አለበት። ግን ቅጥሩ ሳይጀምሩ ቢቀር በስልክ የተባለውን ማን ይመሰክርልዎታል? ደመወዝ፣ የሥራ መደብና የመጀመሪያ ቀን የሰፈረበት የተፈረመ ደብዳቤ ሳይዙ መልቀቂያ አያስገቡ። የሙከራ ጊዜውንም ያንብቡ፤ በጽሑፍ ከተስማሙበት፣ እስከ 60 የሥራ ቀናት ባለው ጊዜ ብቁ አይደሉም ተብለው ያለ ማስጠንቀቂያ ሊሰናበቱ ይችላሉ። የሚጀምሩበትን ቀን ሲደራደሩ 30 ቀኑን አስልተው ይሁን።

በቃል ለቀው ከወጡስ? በየትኛው ቀን ለማን እንዳሳወቁና ምን እንደተመለሰልዎ የሚገልጽ ደብዳቤ ዛሬውኑ መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ። ክርክሩን ሁሉ አይዘጋም፤ በኋላ ግን ከምንም ይሻላል። ከዚያ የመጨረሻ የሥራ ቀንዎን ይጻፉና ስድስት ወሩን ከእሱ ይቁጠሩ። ወደ ጠበቃ የሚመጡት አምስት ወር ተኩል ሲሞላ ሳይሆን በመጀመሪያው ወር ይሁን።