የድሃ ሐሳብ የት ይውላል?

ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 24፣ ቁጥር 14 እና 15 ላይ ስለ ቀን ሠራተኛ የተጻፈ ሕግ አለ። ድሃ ሆኖ የተቀጠረ ሰው፣ የአገር ልጅም ይሁን መጻተኛ፣ ደመወዙ ፀሐይ ሳትገባ ይከፈለው ይላል። ምክንያቱንም ያክልበታል፤ ነፍሱ በዚያች ደመወዝ ላይ ተንጠልጥላለችና። ልብ በሉ፤ ሙሴ ስለ ሰውዬው ሆድ መናገር ይችል ነበር፤ የነገረን ግን ነፍሱ የት እንዳለች ነው።

አንድ የግንባታ ሠራተኛ እንውሰድ። ማታ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ካቦው «ሒሳብ ነገ ነው» ይለዋል። ከዚያ በኋላ ጭንቅላቱ ዕረፍት የለውም። ለባለ ሱቁ ዱቤ ምን ይበል? አከራይዋስ በር ላይ ብትጠብቀው? ሽሮፕ ይግዛ ወይስ ዱቄት? ቤት ገብቶ ልጁ ደብተሩን ይዞ ሲጠጋው አይሰማውም። ጎረቤት ይህን ያይና «ለልጁ ግድ የለውም» ይላል። ብዙዎቻችን ድሃን የምንፈርድበት እንዲህ ነው፤ ድህነቱ ያመጣበትን ለድህነቱ ምክንያት እናደርገዋለን።

እ.ኤ.አ. በ2013 አናንዲ ማኒ፣ ሰንዲል ሙላይናታን፣ ኤልዳር ሻፊርና ጂያይንግ ዣኦ ያወጡት ጥናት ይህን ይመለከታል። በህንድ ታሚል ናዱ የሸንኮራ አገዳ ገበሬ ዋናውን ገንዘብ የሚያገኘው በዓመት አንዴ፣ ምርቱ ሲሰበሰብ ነው። ከዚያ በፊት ያሉት ወራት የብድርና ዕቃ የማስያዝ ወራት ናቸው። ያው ገበሬ ከምርት በኋላ ሲፈተን የማሰብና የትኩረት ጥያቄዎችን ከበፊቱ አሻሽሎ ሠራ። በመካከሉ ትምህርት ቤት አልገባም፤ ባሕርዩም አልተለወጠም። (አሜሪካ ውስጥ በደመወዝ ቀን ዙሪያ የተደረገ ሌላ ጥናት እንዲህ ያለ ልዩነት አላገኘም። እኔን አያስገርመኝም፤ ጥቂት ቀን ደመወዝ መጠበቅና ወራት በችግር መክረም ለየቅል ናቸው።)

ነገሩ ግን በአንድ ሰው ጭንቅላት አያበቃም። ሐዋርያው ያዕቆብ በመልእክቱ ምዕራፍ 2 ባለ ወርቅ ቀለበቱን አክብሮ ድሃውን ወደ ዳር የሚገፋ ጉባኤን ይወቅሳል። ዳር ሲቀመጥ የኖረ ሰው ውሎ አድሮ ቦታው እዚያ ይመስለዋል። ይህ ግን ሊለወጥ ይችላል፤ በምዕራብ ሐረርጌ ዶባ ወረዳ ተመራማሪዎች ለገበሬዎች፣ እንደ እነርሱ ካለ ኑሮ ተነሥተው ሕይወታቸውን ያሻሻሉ ሰዎችን ታሪክ በኦሮምኛ ፊልም አሳዩ። ከስድስት ወር በኋላ ፊልሙን ካዩት ዘንድ ቁጠባው ጨምሮ ተገኘ። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር እንላለን፤ ሕልሙም ቢሆን የሚያሳየው ሰው ይፈልጋል።

ታዲያ ተስፋ ከሰበክንለት ይበቃዋል? አይበቃውም። ያው ያዕቆብ፣ እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ የተራበውን በመልካም ቃል ብቻ የሚሸኘውን ሰው ምን ይጠቅማል ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ የቤት ሠራተኛ፣ ዘበኛ ወይም የቀን ሠራተኛ ያላችሁ፣ «ነገ» ብላችሁ ያሳደራችሁት ሒሳብ ካለ ዛሬ ፀሐይ ሳትገባ ክፈሉ።