ወረቀት ሳያትሙ ጂኦካሺንግ፦ ሙሉውን ገጽ በእጅ ጂፒኤስ ይዞ መውጣት

ጂኦካሽ የተባለውን የተደበቀ ሣጥን ሲፈልጉ ኮኦርዲኔቱ የሚያደርስዎ እስከ አካባቢው ድረስ ነው። ጥሩ የእጅ ጂፒኤስ እንኳ ክፍት ሰማይ ሥር ጥቂት ሜትር ይሳሳታል፤ ረዣዥም ዛፍ በበዛበት ደን ወይም በገደል ሥር ደግሞ ስሕተቱ ከ10 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። ሣጥኑን የደበቀው ሰው መሣሪያም ያን ዕለት እንዲሁ ተሳስቶ ሊሆን ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ የሚሠራው ጽሑፍ ነው፦ የደባቂው ማብራሪያ፣ የሰጠው ፍንጭ፣ ከእርስዎ በፊት የሄዱት ሰዎች የተዉት ማስታወሻ። ወረቀት አለመያዝ ማለት ይህን ሁሉ ጽሑፍ በመሣሪያው ውስጥ ይዞ መውጣት ነው። ብዙ ሰው ግን ነጥቦቹን ብቻ ጭኖ ይወጣና ጫካ ውስጥ ቁጥር ብቻ ይዞ ይቀራል።

ለጨዋታው አዲስ ለሆኑ ባጭሩ፦ የአሜሪካ መንግሥት በሲቪል የጂፒኤስ ምልክት ላይ ሆን ብሎ ያደርገው የነበረውን ማዛባት ያቆመው እ.ኤ.አ. በሜይ 2000 መጀመሪያ ላይ ነበር። በቀናት ውስጥ ዴቭ ኡልመር የተባለ ሰው በኦሪገን ክፍለ ግዛት፣ ቢቨርክሪክ አጠገብ፣ ዕቃ የሞላ ባልዲ ደብቆ የቦታውን ኮኦርዲኔት በኢንተርኔት ለቀቀ። ዛሬ ጨዋታው በመላው ዓለም የሚካሄድ ሲሆን፣ ትልቁን ድረ ገጽ የሚያስተዳድረው ድርጅት መቀመጫው ሲያትል ነው። ሕጉ ቀላል ነው፤ ሣጥኑን ያገኙታል፣ ውስጡ ባለው ደብተር ላይ ስምዎን ይፈርማሉ፣ ዕቃ ከወሰዱ በምትኩ ሌላ ያስቀምጣሉ፣ መልሰው እንደነበረው ይደብቁታል።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፈላጊው የእያንዳንዱን ሣጥን ገጽ አትሞ በፕላስቲክ ከረጢት ይዞ ይወጣ ነበር። ቀጥሎ ጂፒኤሱን በአንድ እጅ፣ ፓልም የተባለችውን የኪስ ኮምፒውተር በሌላው እጅ መያዝ መጣ። ጋርሚን ኮሎራዶና ኦሪገን የተባሉትን መሣሪያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያወጣ ግን ኮኦርዲኔቱና ጽሑፉ በአንድ ስክሪን ላይ ተገናኙ። አሁን ርካሽ የሚባሉት የእጅ ጂፒኤሶች ሳይቀሩ ይህን ይሠራሉ። እዚህ የምገልጸው በጋርሚን ኢትሬክስ 22ኤክስ ላይ ያለውን አሠራር ነው፤ የሌሎቹ የጋርሚን መሣሪያዎች ሜኑም ከዚህ ብዙ አይርቅም።

«ስልኬ እያለ ለምን?» የሚል ጥያቄ ይነሳል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ከተማ ውስጥ ስልክ ይበቃል። ኔትወርክ በሌለበት ተራራ፣ ዝናብ ሲወርድ፣ እጅ በጓንት ሲሸፈን ግን ነገሩ ይለያል። ኢትሬክሱ በሁለት ተራ የእጅ ባትሪ ድንጋይ እስከ 25 ሰዓት ይሠራል፤ ሲያልቅም ቀይሮ መቀጠል ነው። ስልክዎ ደግሞ ለአደጋ ጊዜ ቻርጁ ሳይነካ ይቆይልዎታል። ለእኔ ይህ የመጨረሻው ምክንያት ብቻውን በቂ ነው።

ትክክለኛውን ፋይል ማግኘት

ከሁሉ በፊት የፋይሉን ዓይነት ይለዩ። ሎክ የሚባለው ፋይል በዋናነት የሣጥኑን ስም፣ መለያ ኮድና ኮኦርዲኔት ነው የሚይዘው። ጂፒኤክስ የሚባለው ግን ማብራሪያውን፣ ፍንጩን፣ የአስቸጋሪነት ደረጃውን፣ የሣጥኑን መጠንና የቅርብ ጊዜ ማስታወሻዎችን አብሮ ይይዛል። የሚፈልጉት ጂፒኤክሱን ነው። በትልቁ ድረ ገጽ ላይ ይህ የሚገኘው በክፍያ አባልነት ነው። ጀርመን አገር ያሉ አንባቢዎች ኦፕንካሺንግ የተባለውን ነጻ ድረ ገጽም ይሞክሩ፤ የሣጥኖቹ ብዛት ያንሳል እንጂ ጂፒኤክስ ያለ ክፍያ ይሰጣል።

አንድ በአንድ ማውረድ ይቻላል፤ ለአንድ ቀን ጉዞ ግን የሚያዋጣው ፖኬት ክዌሪ የተባለው መንገድ ነው። አንድ ማዕከል ይመርጣሉ፤ ቤትዎ፣ የሚያድሩበት ከተማ ወይም የመንገዱ መነሻ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ርቀቱን ይወስኑና ማጣሪያዎቹን ይሞላሉ። አንዱ ፖኬት ክዌሪ እስከ 1,000 ሣጥን ያመጣል። ከማጣሪያዎቹ ውስጥ ሁለቱን ሁልጊዜ ይምረጡ፦ «ያላገኘኋቸውን» እና «በሥራ ላይ ያሉትን» የሚሉትን። የቀረው እንደ ዓላማዎ ነው። ልጆች ይዘው ከወጡ የመሬት አስቸጋሪነቱን ከ2 በታች ያድርጉት፤ ደረጃው ከ1 እስከ 5 ነው፣ 5 ማለት ገመድ ወይም ጀልባ የሚጠይቅ ሊሆን ይችላል። መጠኑንም ያስቡበት። ትንንሾቹ የጣት ጫፍ ያህል ሊሆኑ ስለሚችሉ ስጦታ መለዋወጥ ለሚወዱ ልጆች አያስደስቱም።

መፍትሔ የሚጠይቁ የእንቆቅልሽ ሣጥኖች ላይ የታተመው ኮኦርዲኔት እውነተኛው ቦታ አይደለም። ፈትተው ያገኙትን ትክክለኛ ቁጥር በሣጥኑ ገጽ ላይ ያስተካክሉ፤ ይህንንም ፖኬት ክዌሪውን ከማዘዝዎ በፊት ያድርጉት። ያኔ ፋይሉ የተስተካከለውን ቁጥር ይዞ ይመጣል።

የሚወርደው ዚፕ ሲፈታ ሁለት ፋይል ያገኛሉ። አንደኛው ሣጥኖቹን፣ ሁለተኛው ተጨማሪ ነጥቦችን የያዘ ነው፦ የመኪና ማቆሚያ፣ የመንገድ መግቢያ፣ የሁለተኛ ደረጃ መነሻ። ሁለተኛውን ችላ አይበሉ። የመኪና ማቆሚያውን ነጥብ ያላገኘ ሰው ሣጥኑ 100 ሜትር ርቀት ላይ እያለ ከወንዝ ማዶ ቆሞ ሊቀር ይችላል፤ ድልድዩ ደግሞ ሁለት ኪሎ ሜትር ወደ ታች ሊሆን ይችላል።

ወደ መሣሪያው መጫን

ኢትሬክሱ ጀርባ ላይ ያለውን የላስቲክ ክዳን ሲገልጡ የኬብሉን ቀዳዳ ያገኛሉ። ሚኒ ዩኤስቢ ነው፤ የዛሬ ስልኮች ኬብል አይገባበትም። ቻርጅ ብቻ የሚያደርጉ ርካሽ ኬብሎች ስላሉ፣ ሰክተውት ኮምፒውተሩ ላይ ምንም ካልታየ መሣሪያውን ከመጠርጠርዎ በፊት ኬብሉን ይቀይሩ። ሲገናኝ እንደ ፍላሽ ዲስክ ሆኖ ይከፈታል። ውስጡ «ጋርሚን» የሚል ፎልደር አለ፤ በዚያ ውስጥ ደግሞ «ጂፒኤክስ» የሚል። ሁለቱንም ፋይሎች ገልብጠው እዚያ ይለጥፉ። ዚፑን ሳይፈቱ መለጠፍ አይሠራም።

ከባትሪው ሥር ባለው ማስገቢያ ሜሞሪ ካርድ ካለዎት ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ዲስክ ሆኖ ይታያል። ሣጥኖቹን ካርዱ ላይ ለማስቀመጥ ከፈለጉ እነዚያኑ ሁለት ፎልደሮች በተመሳሳይ ስም እዚያ ይፍጠሩ።

አዲሱን ከመጫንዎ በፊት አሮጌውን ፋይል ይሰርዙ። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። የተዘጋ ሣጥን በአዲሱ ፖኬት ክዌሪ ውስጥ አይመጣም እንጂ መዘጋቱን የሚነግርዎ የለም። አሮጌው ፋይል መሣሪያው ላይ እስካለ ድረስ ሣጥኑ በስክሪኑ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ እርስዎም ከወር በፊት የተነሣ ዕቃ ሲፈልጉ ይውላሉ። ጨርሰው ሲያበቁ በኮምፒውተሩ ላይ ዲስኩን በአግባቡ ያስወጡ፣ ከዚያ ኬብሉን ይንቀሉ። መሣሪያው ብዙ ሣጥን ከተጫነበት በኋላ ሲበራ ከወትሮው ይዘገያል፤ ፋይሎቹን እያነበበ ስለሆነ አያጥፉት።

ስክሪኑ ላይ ጂኦካሾቹ በዝርዝር ካልታዩ ፋይሎቹን የተሳሳተ ፎልደር ውስጥ ለጥፈው ወይም የሎክ ፋይል ገልብጠው ሊሆን ይችላል።

ከቤት ሳይወጡ የሚስተካከሉ

የኮኦርዲኔቱ አጻጻፍ በዲግሪና በደቂቃ፣ ደቂቃውም በሦስት አስርዮሽ እንዲሆን ያድርጉ፤ የካርታ መነሻው ደግሞ ደብሊውጂኤስ 84 ይሁን። ጨዋታው በሙሉ የሚጻፈው በዚህ ነው። ነጥብን በእጅ ማስገባት ሲያስፈልግዎ ቅርጹ ከተለየ ቁጥሩ ሌላ ቦታ ይወስድዎታል። የባትሪውን ዓይነትም ይንገሩት። ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ አስገብተው «አልካላይን» ብለው ከተዉት የቀረውን ጉልበት በትክክል አያሳይም።

ከዚያ ከጫኑት መካከል አንዱን ሣጥን ይክፈቱና ማብራሪያው፣ ፍንጩና የቀድሞ ማስታወሻዎቹ መታየታቸውን ያረጋግጡ። ይህ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። በማብራሪያው ውስጥ የነበሩ ፎቶዎች ግን አብረው አይመጡም፤ ገጹ «ፎቶውን ይመልከቱ» የሚል ከሆነ ከቤት ሳይወጡ አይተው ይዘቱን ይያዙ።

ቦታው ላይ

ጽሑፉ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማሳየት አንድ እውነተኛ ሣጥን ልጥቀስ። ከሲያትል በስተምሥራቅ፣ በስኖኳልሚ መተላለፊያ አካባቢ፣ «ሚሽን 9፦ የብርሃን ዋሻ» የሚባል ጂኦካሽ አለ፤ ኮዱ ጂሲ1169 ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣውን «የዝንጀሮዎች ፕላኔት» ፊልም ለማስተዋወቅ ከተቀመጡት ጥቂት ሣጥኖች አንዱ ሲሆን እስከ ዛሬ ከቆዩት በጣት የሚቆጠሩ ውስጥ ነው። ብዙ ሰው ወደ እሱ የሚሄደው ባቡር ያልፍበት በነበረ፣ 3.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ርዝመት ባለው ዋሻ ውስጥ በእግር ነው።

ቁጥሩን ብቻ ይዞ የሄደ ሰው ምን ያጋጥመዋል? ቀስቱ ተራራውን ሰንጥቆ ወደ ማዶ ያመለክታል። ዋሻው ውስጥ የሳተላይት ምልክት ስለማይገባ መሣሪያው ቦታውን ያጣል፤ የስልክ ኔትወርክም ተስፋ የሚጣልበት አይደለም። ዋሻው በረዶ ስለሚንጠለጠልበት ከኖቬምበር ጀምሮ እስከ ጸደይ ይዘጋል፤ በበጋም ቢሆን ውስጡ ብርድ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ውኃ ይንጠባጠባል። የራስ መብራት፣ ትርፍ ባትሪና ጃኬት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ የሚነግር ኮኦርዲኔት የለም።

በኢትሬክሱ ላይ «ጂኦካሽ» የሚለውን ምልክት ይምረጡ፤ ቅርብ ከሆነው ጀምሮ ዝርዝሩ ይወጣል። ስሙን ተጭነው «ጎ» ይበሉ። ከዚያ ትንሿን የጣት ማንቀሳቀሻ ወደ ታች እየገፉ ማብራሪያውን ያንብቡ። ቅደም ተከተሉን እንዲህ እመክራለሁ፦ መጀመሪያ ማብራሪያው፣ ቀጥሎ የመጨረሻዎቹ ማስታወሻዎች፣ ፍንጩ በመጨረሻ። ፍንጩ በድረ ገጹ ላይ ፊደሎቹ ተቀያይረው የሚቀመጥ ቢሆንም መሣሪያው ተፈቶ ያሳየዋል፤ ስለዚህ በድንገት ማየት ካልፈለጉ የፍንጩን ገጽ አይክፈቱ። የፍለጋው ደስታ ግማሹ ሳያዩት ማግኘት ነው።

ማስታወሻዎቹን ሲያነቡ ምስጋናውን እያለፉ መረጃውን ይልቀሙ። የመጨረሻዎቹ ሦስት ሰዎች በተከታታይ «አላገኘነውም» ብለው ከሆነ ሣጥኑ ሳይጠፋ አልቀረም፤ አንድ ሰዓት አያባክኑበት። አንዱ «ኮኦርዲኔቱ ወደ ሰሜን 8 ሜትር ያህል ይሳሳታል» ብሎ ከሆነ ከዚያ ይጀምሩ። ደብተሩ እርጥብ ነው ያለ ካለ ደረቅ ወረቀት ይዘው መሄድ ደግነት ነው። ከ10 ሜትር ከቀረቡ በኋላ ቀስቱን መከተል ይተዉ፤ ቆም ብለው በዓይንዎ ይፈልጉ፣ ሰው ዕቃ ቢደብቅ የት ይደብቃል ብለው ያስቡ።

ብዕር ግን አይርሱ። የሣጥኑ ደብተር ወረቀት ነው፤ ስምዎ እዚያ ካልሰፈረ ማግኘትዎ አይቆጠርም።

ሣጥኑ ውስጥ ከአገር አገር የሚጓዝ መለያ የተንጠለጠለበት ዕቃ ካገኙና ከወሰዱት፣ መለያው ላይ የተቀረጸውን ኮድ እዚያው ይመዝግቡ። ኮዱን ፎቶ አንሥተው ለሕዝብ አያሳዩ፤ ዕቃውን በእጁ ያልያዘ ሰው እንዳይመዘግበው ነው።

ያገኙትን መመዝገብ

ፈርመው ሲጨርሱ «ሎግ አቴምፕት» የሚለውን ገብተው «ፋውንድ» ወይም «ዲድ ኖት ፋይንድ» ይምረጡ። አጭር አስተያየት መጻፍም ይቻላል። የመሣሪያው ሰሌዳ ፊደላችንን ስለማያውቅ በላቲን ሁለት ሦስት ቃል ብቻ ይተዉ፤ ለምሳሌ የደብተሩን ሁኔታ ወይም የተለዋወጡትን ዕቃ። ዋናውን ጽሑፍ ቤት ገብተው በአማርኛም ሆነ በፈለጉት ቋንቋ ድረ ገጹ ላይ መጻፍ ይችላሉ። አገሩ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ከሆነ ለደባቂው ሲባል አንድ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ይጨምሩበት እላለሁ፤ ደባቂው ስለ ሣጥኑ ደኅንነት የሚያውቀው ከእርስዎ ማስታወሻ ነው።

ማታ መሣሪያውን ከኮምፒውተር ጋር ሲያገናኙ «ጋርሚን» ፎልደር ውስጥ «ጂኦካሽ ቪዚትስ» የሚል የጽሑፍ ፋይል ያገኛሉ። የቀኑ ውሎ እዚያ ነው፦ ኮዱ፣ ሰዓቱ፣ ውጤቱ፣ አስተያየቱ። ይህን ፋይል በድረ ገጹ «ድራፍት» በሚለው ክፍል ይጫኑት፤ እያንዳንዱ ሣጥን በተራ ተዘጋጅቶ ይመጣልዎታል፣ ጽሑፍዎን ጨምረው ይለጥፋሉ። ፋይሉ ካለፈው ጉዞ የቀረውንም ስለሚይዝ፣ ከተወሰነ ቀን በፊት ያለውን እንዲተው የሚያደርገውን ምርጫ ይጠቀሙ።

ቀኑን ሳያዩ አይለጥፉ። ፋይሉ ሰዓቱን የሚመዘግበው በግሪንዊች አቆጣጠር ነው። ሲያትል ውስጥ ከቀትር በኋላ ወደ ማታ የተገኘ ሣጥን በግሪንዊች የማግስቱ ቀን ሊሆን ይችላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ከሌሊቱ ስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ወደ ትናንት ይመለሳል። ቀኑ ከተሳሳተ በእጅ ያርሙት።

ድራፍቶቹን ሁሉ ለጥፈው ሳይጨርሱ አዲስ ፖኬት ክዌሪ አይዘዙ። «ያላገኘኋቸውን» የሚለው ማጣሪያ የሚያውቀው የተለጠፈውን ብቻ ስለሆነ፣ ያልለጠፉት ሣጥን በሚቀጥለው ፋይል ውስጥ ተመልሶ ይመጣና ከ1,000ው ውስጥ ቦታ ይይዝብዎታል።