በትንሽ ብር በደንብ መብላት

ነን ካፌ የሆነ ተማሪ ብር ሲያጥረው መጀመሪያ የሚቀንሰው ምግቡን ነው። ነገር ግን ርካሽ ምግብ ሁሉ ደካማ አይደለም። እህል ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ በበቂ ይይዘዋል። ስለዚህ እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ጎመን ላይ ሎሚ ጠብ ማድረግ ብረቱ ወደ ሰውነት እንዲገባ ይረዳል፤ ሻይና ቡና ግን ስለሚያግዱት ከምግብ በኋላ ትንሽ ቢዘገዩ ይመረጣል።

ግዢን በተመለከተ፣ የሸማቾች ሱቆችና የእሁድ ገበያ ብዙ ጊዜ ከሰፈር ሱቅ ይረክሳሉ፤ ሦስት አራት ሆኖ አዋጥቶ በብዛት መግዛትም ያዋጣል። ጨርሶ ለቸገረው ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ከተማው ያቋቋማቸው የነፃ ምገባ ማዕከላት አሉ።

በአጠቃላይ መራብን መደበቅ አይጠቅምም፤ በባዶ ሆድ ሌክቸር አይገባም።