ፈሩን ያልለቀቀ ሥራ

በሥራ ላይ ሐሳብን ስለ መሰብሰብ የቀረበ የጥናት ትምህርት



በዚህ እትም የጥናት ዓምዳችን በሥራ ሰዓት ሐሳብን ሰብስቦ ስለ መሥራት አብረን እንመለከታለን። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ ጧት በቁርጥ ሐሳብ ተነሥተን፣ ማታ «ዛሬ ምን ሠራሁ?» ብለን ራሳችንን ስንጠይቅ መልስ ያጣንባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። ስንባክን ውለናል፣ ደክሞናልም፤ ተጠናቆ የሚታይ ሥራ ግን የለም። ይህን የምንጽፈው እኛ ከዚህ ድካም ነፃ ሆነን አይደለም። በዓመት አራት ጊዜ የምትወጣውን ይህችን መጽሔት ስናዘጋጅ፣ ሦስት ወር አለን እያልን ቆይተን በመጨረሻው ሳምንት የምንረባረብበት ጊዜ አለ።

የሐሳብ መበታተን ጉዳቱ በባለቤቱ ላይ ብቻ የሚቀር አይደለም። በሰሜን ወሎ፣ በሀብሩ ወረዳ ከሚገኝ አንድ ተራራማ ቀበሌ አንዲት እናት ለአንድ ማስረጃ ወደ መርሳ ከተማ ወረደች እንበል። ሌሊት ተነሥታ፣ ልጆቿን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ፣ ረጅሙን መንገድ በእግሯ ተጉዛ ትደርሳለች። ጉዳይዋ በሩብ ሰዓት የሚያልቅ ነው። ነገር ግን ሠራተኛው አንዱን ፋይል ከፍቶ ሌላውን ሲያነሣ፣ ስልኩን ሲመለከት፣ ያልጨረሰውን ትቶ ሌላ ሲጀምር ይውልና «እናቴ፣ ነገ ይመለሱ» ይላታል። ለእርሱ የባከነችው ሩብ ሰዓት ናት፤ ለእርሷ ግን ሌላ ሙሉ ቀን ነው። ስለዚህ ሐሳብን በሥራ ላይ መሰብሰብ የቅልጥፍና ብቻ ሳይሆን የፍትሕም ጉዳይ መሆኑን አስቀድመን ልንገነዘብ ይገባል።

1. ትምህርቱ ከማሳው

ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና ውርጌሳን አልፎ ወደ መርሳ የሚጓዝ መንገደኛ፣ የሀብሩ ገበሬ በየወቅቱ በማሳው ላይ የሚያደርገውን ከመኪናው መስኮት ሆኖ ማየት ይችላል። በቢሮ፣ በትምህርት ቤት ወይም በሱቅ ለምንሠራ ሰዎች ከዚያ የምንማረው ብዙ ነገር አለ።

ቋንቋችን ራሱ ይህን ይመሰክራል። ከሥርዓት የወጣውን ነገር «ፈር ለቀቀ» እንላለን፤ የተስተካከለውን «ፈር ያዘ»፤ ለሌሎች መንገድ የከፈተውንም «ፈር ቀዳጅ»። ፈር ማረሻ በምድር ላይ የሚያወጣው መሥመር ነው። ገበሬው በአንድ እጁ እርፉን ጨብጦ፣ በሌላው ጅራፉን ይዞ፣ ዓይኑን ከፊቱ ባለው መሬት ላይ ያደርጋል። ወዲያና ወዲህ ከተመለከተ ፈሩ ይጣመማል፤ በመካከሉም ያልታረሰ መሬት ይቀራል። ታዲያ ገበሬው ፈሩን የሚጠብቀው በጠንካራ ፈቃዱ ብቻ አይደለም። ሥራው መጠን፣ ሰዓትና ረዳት ያለው በመሆኑ ጭምር ነው። እኛም ሐሳባችን ሲበታተን «ፈቃዴ ደካማ ነው» ብለን ራሳችንን ከመውቀሳችን በፊት፣ የሥራችንን አያያዝ እንመርምር። ከዚህ በታች ስድስት ልማዶችን እናቀርባለን።

2. ስድስት ጠቃሚ ልማዶች

ሀ/ የቀኑን ጥማድ ከዋዜማው መለየት። ጥማድ ማለት ሁለት በሬዎች በአንድ ቀን ሊያርሱት የሚችሉት መሬት ነው፤ በአብዛኛው የሄክታር ሩብ ተደርጎ ይታሰባል። አባቶቻችን መሬትን በቀን ሥራ መለካታቸው ትልቅ ማስተዋል ነው፤ አንድ ቀን ምን ያህል እንደሚችል ያውቁ ነበርና። እኛም ከሥራ ከመውጣታችን በፊት የነገውን ጥማድ፣ ማለትም የግድ ማለቅ ያለበትን አንድ ዋና ሥራና ሁለት ወይም ሦስት አነስተኛ ሥራዎችን በወረቀት ላይ እንጻፍ። ስንጽፍም «ሪፖርት መሥራት» ማለቱ አይበቃም። «ነገ ከጠዋቱ 2፡30 እስከ 4፡00፣ በቢሮዬ፣ የሩብ ዓመቱን ሪፖርት የመጀመሪያ ክፍል እጽፋለሁ» ብለን እንወስን። ፒተር ጎልዊትዘር የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ መቼ፣ የትና እንዴት እንደሚሠራ አስቀድሞ የወሰነ ሰው «እሠራለሁ» ብሎ ብቻ ካሰበ ሰው ይልቅ ሐሳቡን ከፍጻሜ የማድረስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው።

ለ/ አንዱን ፈር ሳይጨርሱ ወደ ሌላ አለመሻገር። ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ መያዝ የትጋት ምልክት መስሎ ይታየናል። ሶፊ ሌሮይ የተባሉ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት ጥናት ግን፣ ሥራውን ሳይጨርስ ወደ ሌላ የሚሻገር ሰው ከፊል ሐሳቡ በመጀመሪያው ሥራ ላይ እንደሚቀርና ሁለተኛውንም በሙሉ ልብ እንደማይሠራ አሳይቷል። ሆኖም አለቃ ሲጠራ ወይም አስቸኳይ ነገር ሲመጣ መቋረጥ አይቀርም። እኚሁ ተመራማሪ ከሥራ ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሌላ ጥናት መፍትሔውን ጠቁመዋል፤ ከመነሣት በፊት የት እንደ ደረሱና ሲመለሱ ምን እንደሚሠሩ ባጭሩ መጻፍ ሐሳብን ነፃ ያደርጋል። እርሻውን ያቋረጠ ገበሬ በማግሥቱ የት እንደሚጀምር ፈሩ ራሱ ያሳየዋል። ወረቀትና ፋይል እንዲህ ያለ ፈር ስለሌላቸው ምልክቱን እኛው እንተው።

ሐ/ የወፎቹን ሰዓት ማወቅ። ማሽላ ፍሬ ሲይዝ በማሳው መካከል ማማ ይሠራል። ጠባቂው ወንጭፉን ይዞ በማማው ላይ ቆሞ ግሪሳን ይከላከላል። ወፎቹ የሚበረቱት በማለዳና ወደ ማምሻው መሆኑን ስለሚያውቅ፣ በነዚያ ሰዓታት ከማማው አይወርድም፤ በቀትር ግን ጥቂት ያርፋል። ለብዙዎቻችን የዘመኑ ግሪሳ በእጃችን ያለው ስልክ ነው። ፌስቡኩ፣ ቴሌግራሙና ቲክቶኩ አንድ በአንድ ሲመጡ ትንሽ ናቸው፤ ተሰብስበው ግን የቀኑን ፍሬ ይጨርሱታል። ስለዚህ ለአንድ ሳምንት ያህል ሐሳባችን በየትኛው ሰዓትና በምን ምክንያት እንደሚሰረቅ እንመዝግብ። ቀጥሎም በዋናው ሥራ ሰዓት ስልኩን ድምፁን አጥፍተን ከጠረጴዛችን እናርቀው፤ መልእክት የምናይባቸውን ሁለት ወይም ሦስት ሰዓታትም እንወስን። ለድንገተኛ ችግር ቤተሰባችን የሚጠራን በሥራ ባልደረባችን ወይም በቢሮው ስልክ እንዲሆን አስቀድመን መስማማት እንችላለን።

መ/ ባለጉዳይንና ወሬን መለየት። ይህ ነጥብ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ሐሳቤን እሰበስባለሁ» ብሎ በሩን በባለጉዳይ ላይ የሚዘጋ ሠራተኛ ትምህርቱን አልተረዳውም። ደብዳቤው፣ መዝገቡና ስብሰባው ሁሉ የተሠራው ለዚያች ከተራራ ለወረደች እናት ነውና፣ እርሷ ሥራውን አታቋርጥም፤ ሥራው እርሷ ናት። ሥራን የሚያቋርጠው ያለ ጉዳይ የሚረዝም ጨዋታ ነው። እንግዳን ፊት መንሳት በባህላችን ነውር በመሆኑ «ሂድልኝ» ማለት ይከብዳል። ነገር ግን ቆሞ ሰላምታ ሰጥቶ፣ «ይህችን ልጨርስና በ6፡30 ቡና እየጠጣን እንጫወት» ማለት ወዳጅነትን አያጎድልም። ባለጉዳይ የሚበዛበት ቢሮ ደግሞ የተወሰኑ ሰዓታትን ለባለጉዳይ ብቻ፣ ሌሎቹን ለጽሕፈት ሥራ ቢመድብና በበሩ ላይ ቢለጥፍ፣ ለሁሉም ዕረፍት ይሆናል። ሰዓቱ ሲመደብም ከሩቅ በእግሩ የሚመጣው ሰው ሊደርስበት የሚችል መሆን አለበት።

ሠ/ ወንፈል መግባት። አረምና አጨዳ ሲበረታ ገበሬዎች ወንፈል ይገባሉ፤ ዛሬ በአንዱ ማሳ፣ ነገ በሌላው ተራ በተራ ይሠራሉ። ወንፈል ጉልበት ከማስተባበሩም በላይ ቀጠሮን ያጸናል። ብቻውን ቢሆን «ዛሬስ ይደር» የሚል ሰው፣ ሰባት ጎረቤቶች ማለዳ እንደሚጠብቁት ሲያውቅ አይቀርም። እኛም በየሰኞው ከአንድ ባልደረባ ጋር የሳምንቱን ዋና ሥራ ተነጋግረን፣ ዓርብ ያለቀውንና ያላለቀውን ብንጠያየቅ ትልቅ ድጋፍ ይሆነናል። ሁለት መምህራን አንድ ከሰዓት አብረው ተቀምጠው፣ ያለ ወሬ፣ እያንዳንዳቸው የተማሪዎቻቸውን ፈተና ቢያርሙ ይህም ወንፈል ነው።

ረ/ በሬ የሚፈታበትን ሰዓት ማክበር። ገበሬው ፀሐይ ስትበረታ በሬዎቹን ይፈታል። ያለ ዕረፍት ቢነዳቸው ነገ የሚጠመድ በሬ እንደማይኖረው ያውቃል። በ6ኛው መቶ ዘመን የኖረው ቅዱስ ቤኔዲክቶስም ለመነኮሳት በጻፈው ሥርዓት ቀኑን ለጸሎት፣ ለእጅ ሥራና ለንባብ ከፋፍሎ መድቧል፤ ሰዓቶቹንም እንደየወቅቱ አስተካክሏል። የጸሎት ምልክት ሲሰማ በእጅ ያለውን ሥራ ወዲያው ማቆም ይገባ ነበር። በአገራችንም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓት በቀን ከ8፣ በሳምንትም ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ፣ ሠራተኛም በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት እንዲያገኝ ደንግጓል። ዕረፍት ከሥራ የተሰረቀ ጊዜ ሳይሆን የሥራው አንድ ክፍል ነው። በየሰዓት ተኩሉ ተነሥቶ ጥቂት መራመድ፣ ምሳን ከጠረጴዛው ርቆ መብላት፣ ማታም ሥራን ወደ ቤት አለመሸከም የነገውን ጉልበት ይጠብቃሉ።

3. ማጠቃለያ

ሁሉም ሰው የሥራ ሰዓቱ በእጁ እንዳልሆነ እናውቃለን። መብራት ይጠፋል፤ አንዱን ጠረጴዛ ሦስት ሰዎች ይጋሩታል፤ ሱቅ የምትጠብቅ እናት ሕፃኗን በጀርባዋ አዝላ ሒሳብ ትሠራለች። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ስድስቱንም ልማዶች ባንድ ጊዜ እንጀምር ማለት ሌላ የሐሳብ መበታተን ይሆናል። አንዱን ብቻ መርጠን ለአንድ ወር እንያዝ፤ ከሁሉ የሚቀለው የነገውን ጥማድ ዛሬ ማታ መጻፍ ነው። ፈሩ በተጣመመ ጊዜም ገበሬው ሞፈሩን ጥሎ ወደ ቤቱ አይመለስም፤ በሬዎቹን አዙሮ የሚቀጥለውን ፈር ያቀናል። ያች እናት «ነገ ይመለሱ» ሳትባል፣ ማስረጃዋን ይዛ ፀሐይ ሳይጠልቅ ወደ ልጆቿ ከተመለሰች፣ የቀኑ ሥራ በእርግጥ ተሠርቷል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ሳምንት በሥራ ሰዓት ሐሳባችንን ከሁሉ ይልቅ የሰረቀው ምን ነበር? በየትኛው ሰዓት?

2. በእኛ መዘግየት ምክንያት ቀኑ የባከነበት ሰው ይኖር ይሆን? ለእርሱ ምን ልናደርግ እንችላለን?

3. ከስድስቱ ልማዶች በዚህ ወር የምንጀምረው የትኛውን ነው? ወንፈል የምንገባውስ ከማን ጋር ነው?